ውሃ ሲመጣ ማን ይነሳል? የብሎካችን ፓምፕ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ

ብሎካችን ጂ ፕላስ 4 ኮንዶሚኒየም ነው፤ አዲስ አበባ። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሌሊት። ግፊቱ ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ ይደክመዋል። ስለዚህ ምድር ላይ 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለን፤ ጣሪያ ላይ ደግሞ ሁለት ባለ 5,000። ከታች ወደ ላይ የሚገፋው ባለ 1.5 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ነው። ፓምፑን የሚያስነሳው ግን ሰው ነው።

ችግሩም እዚያው ላይ ነው። የታችኛው ሮቶ ሲሞላ ፍሎተሩ (ተንሳፋፊው መዝጊያ) ውሃውን ይዘጋል። ያን ሰዓት ፓምፑን የሚያስነሳ ሰው ከሌለ ታች ሞልቶ ላይ ባዶ ይሆናል፤ ፈረቃውም ያልፋል። ጠዋት አራተኛ ፎቅ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል። አንዳንዴ ደግሞ ሰውየው ይነሳል፣ ፓምፑን ያስነሳል፣ መብራት ይጠፋል፣ እሱም ተመልሶ ይተኛል። መብራቱ ሲመጣ ማንም አያውቅም።

ልሠራ ያሰብኩት ነገር ቀላል ይመስላል። ውሃ መጣ፣ መብራት ጠፋ፣ መብራት መጣ፣ ሮቶ ጎደለ። እነዚህ ሲሆኑ ምን እንደሚደረግ ቀድመን እንወስን። ማሽን የሚችለውን ማሽን ይሥራ፤ የማይችለውን ማን እንደሚሠራ ይታወቅ።

ያው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ሽቦ ሳልነካ ከኮሚቴው ሰብሳቢና ከጥበቃችን ጋር ተቀመጥን። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሠራተኛ ናቸው። ደብተር አውጥተው በማስመሪያ አራት ዓምድ አሰመሩ። «ምን ሲሆን»፣ «ምን ከተሟላ»፣ «ምን ይደረግ»፣ «ማን ያረጋግጥ»። ያለ አራተኛው ዓምድ እኔ አንድ ቀን ሙሉ ኮድ ስጽፍ እውል ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚያውቁት ግን ጥበቃው ናቸው። ስንት ዓመት ሌሊቱን ከዚያ ቧንቧ ጋር አድረዋል።

«ጋሼ፣ ውሃ መምጣቱን በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ አየሩ ነው የሚመጣው፣ ልጄ። ቧንቧው ያፏጫል። ቆጣሪውም ይሽከረከራል፣ ግን ውሃ የለም። እሱን አይተህ ከጮህክ ሰው ሁሉ በባዶ ባልዲ ይሰድብሃል። ትንሽ ዝም ትላለህ። ድምፁ ሲወፍር ያን ጊዜ ውሃ ነው።»

ይህን እንዳለ ደብተሩ ላይ ጻፍነው። «ግፊት ሲነሳ» ብቻውን ትሪገር፣ ማለትም ሥራውን የሚያስነሳ ክስተት፣ አይሆንም፤ «ግፊት ተነስቶ ሲጸና» ነው የሚሆነው። ስንት ደቂቃ? እሳቸው «አንድ ሲጋራ እስኪያልቅ» አሉ። ሰብሳቢዋ «ሦስት ደቂቃ» ብለው ጻፉ።

ጥቅምት አጋማሽ፣ ዕቃ

ብዙውን ከመርካቶ አገኘሁ። አንጎሉ ኢኤስፒ32 የሚባለው ትንሽ ቦርድ ነው። ከላይ ሆኖ የሚያስተባብረው ራስፕበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ሆም አሲስታንት ነው፤ ነፃና ክፍት ሶፍትዌር ነው፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ቤት ውስጥ ይሠራል። ኮንታክተር (ፓምፑን በትእዛዝ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)፣ ኦቨርሎድ ሪሌይ (ሞተሩ ከልክ በላይ ከረንት ሲስብ የሚቆርጥ)፣ የቮልቴጅ መለኪያ፣ የግፊት ሴንሰር፣ የኬብል ፍሎት ስዊቾች (ከውሃው ጋር እየተነሱና እየወረዱ የሚበሩና የሚጠፉ)። ለቦርዱ፣ ለፓዩና ለዋይፋይ ሳጥኑ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባለ 12 ቮልት ባትሪ።

የግፊት ሴንሰሩ ዋናው መስመር ላይ፣ ከቆጣሪው በኋላ ገባ። ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት ይሰጣል። ኢኤስፒው ግን ከ3.3 በላይ አይችልም፤ ስለዚህ በሁለት ሬዚስተር ዝቅ አድርጌዋለሁ። የሴንሰሩን ባህርይ የወደድኩት በአንድ ነገር ነው። ምንም ግፊት ባይኖር እንኳ 0.5 ቮልት ያሳያል። 0 ካሳየ ሽቦው ተቆርጧል ወይም አይጥ በልቶታል ማለት ነው። «ውሃ የለም» እና «አላውቅም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ይህ ሴንሰር ይለያቸዋል።

ጥሩ ቀን ላይ የመስመሩ ግፊት 0.8 ባር ገደማ ነው። 1 ባር ውሃን ወደ 10 ሜትር ይገፋል፤ ስለዚህ የእኛ 8 ሜትር ላይ ያልቅበታል። ሁለተኛ ፎቅ ለምን እንደሚደክመው ይኸው።

ጥቅምት ማብቂያ፣ ሮቶው ውስጥ

የሮቶውን ከፍታ በምን እንለካ የሚለው ከታሰበው በላይ አከራከረ። በአልትራሳውንድ ሴንሰር ሞከርን። ክዳኑ ሥር ተሰቅሎ ድምፅ ይልካል፣ ማሚቶውን ይሰማል። ቀን ላይ ይሠራል። ጠዋት ጠዋት ግን ክዳኑ ያልበዋል፤ ጠብታው ሴንሰሩ ፊት ላይ ይንጠለጠልና ሮቶው ሞልቷል ይላል። ከ20 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት ያለውንም አያይም፤ ውሃው አፍ ድረስ ሲደርስ ግራ ይገባዋል።

አንድ ጎረቤት «ያንኑ የግፊት ሴንሰር ሮቶው ሥር አድርገው» አለኝ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ሴንሰሩ ግን እስከ 12 ባር የሚለካ ነው። ሁለት ሜትር ውሃ 0.2 ባር ብቻ ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ በኩንታል ሚዛን እንደመመዘን ይሆናል።

ስለዚህ ወደ ፍሎት ስዊች ተመለስን። ጣሪያው ላይ ሁለት፣ አንዱ ታች አንዱ ላይ። ምድር ሮቶው ውስጥ ሁለት። በሴንቲ ሜትር ስንት እንደቀረ አይነግረኝም። አያስፈልገኝምም። ውሳኔዎቻችን አራት ብቻ ስለሆኑ አራት ነጥብ ይበቃል። ግራፍ ማየት የሚወድ ሰው ቅር ይለዋል፤ እኔም ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ኅዳር መጀመሪያ፣ ኤሌክትሪሺያኑ

የፓምፑን ሳጥን የሠራልን ኤሌክትሪሺያን ኮዴን ሊያይ አልፈለገም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «ኮምፒውተርህ እንቅልፍ ቢወስደውስ?»

«እሺ፣ ምን ይሁን?» አልኩት።

«ታች ያለው ሮቶ ባዶ ሲሆን ፓምፑ መነሳት የለበትም። ይህን ለኮምፒውተር አላምንም። ለሽቦ ነው የማምነው።»

የታችኛውን ሮቶ ፍሎት ከኮንታክተሩ ኮይል (ኮንታክተሩን ከሚያስይዘው ጥቅልል ሽቦ) ጋር በተከታታይ አሰረው። ውሃ ከሌለ ፍሎቱ ይወርዳል፣ ኮይሉ ይቋረጣል፣ ፓምፑ ይቆማል። ማንም ምን ቢያዝ አይነሳም። ደረቅ የሚሽከረከር ፓምፕ ማኅተሙ ይቃጠላል፤ ቀጥሎ የሞተሩ ጥቅልል ሽቦ። አንድ ፓምፕ ማስጠቅለል ስንት እንደሚያስወጣ ብሎኩ ያውቀዋል።

በር ላይ ሦስት ቦታ ያለው ማዞሪያም አደረገ። ኦቶ፣ ዜሮ፣ ማንዋል። ማንዋል ላይ ሲሆን የእኔ ዕቃ ሁሉ ከመንገድ ይወጣል፤ የሽቦው መከላከያ ግን እንዳለ ይቆያል። ለጥበቃው ያሳየኋቸው መጀመሪያ ይህን ነው። በአውቶማቲክ ነገር ላይ እምነት የሚመጣው ማጥፊያው የት እንዳለ ሲታወቅ ይመስለኛል።

ኅዳር፣ ትሪገሮቹ

አሁን ደብተሩን ወደ ሶፍትዌር። ሆም አሲስታንት ውስጥ እያንዳንዱ ትእዛዝ ሦስት ክፍል አለው። የሚያስነሳው ክስተት፣ መሟላት ያለበት ሁኔታ፣ የሚወሰደው እርምጃ። ከሰብሳቢዋ ሦስት ዓምዶች ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። አራተኛው ዓምድ የለውም፤ እሱን ራሳችን እንጨምራለን።

ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። ፓምፑን የሚያዘው ኢኤስፒው ራሱ ነው፤ ፓዩ ቢሞት እንኳ ጣሪያው ሲጎድል ያስነሳል፣ ሲሞላ ያቆማል። ፓዩ መልእክት ይልካል፣ ሰዎችን ያስተባብራል፣ መዝገብ ይይዛል።

ጣሪያው ላይ ሁለት ፍሎት ያስፈለገው እዚህ ጋ ነው። በአንድ ፍሎት ብቻ ቢሆን፣ አንድ ሰው እጁን በታጠበ ቁጥር ፓምፑ ይነሳና ወዲያው ይቆማል። ኮንታክተሩ ታ-ታ-ታ ይላል፤ ሞተሩም በመነሻ ከረንት ይጋላል። አሁን የታችኛው ፍሎት ሲወርድ ይነሳል፣ የላይኛው እስኪነሳ ይገፋል። መሐሉ ላይ ማንም አይነካውም።

አንድ ነገር ለሚሞክር ሰው ልጻፍ። የሆም አሲስታንት የቁጥር ትሪገር የሚነሳው ቁጥሩ መስመሩን *ሲሻገር* ነው። ግፊቱ ከ0.3 በታች ነበር፣ ወደ 0.4 ወጣ፣ ተነሳ። ግን ሲስተሙ ጠፍቶ ቆይቶ ሲነሳ ግፊቱ ቀድሞ 0.6 ላይ ካለ፣ መሻገር የለም፤ ስለዚህ ትሪገርም የለም። ውሃው እየፈሰሰ ሲስተሙ ዝም ይላል። ሦስት ደቂቃ ጠብቅ የተባለው ቆጠራም ዳግም ሲነሳ ይጠፋል። መፍትሔው ሁለት ተጨማሪ ትሪገር ነው፤ «ሲስተሙ ሲነሳ» እና «በየ10 ደቂቃው»። ሁለቱም የሚጠይቁት «ምን ሆነ?» ብለው ሳይሆን «አሁን ምን አለ?» ብለው ነው። እንደ እኛ መብራት በሚጠፋበት አገር ያለ እነዚህ መኖር አይቻልም።

ኅዳር አጋማሽ፣ መብራት ሲመጣ

ከሁሉም ከባዱ ትሪገር «መብራት መጣ» ነው። መብራት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል። ፍሪጁ፣ የውሃ ማሞቂያው፣ ያኔ ሳይጠፋ የቀረው ምጣድ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል፤ የእኛ ፓምፕ ከ1.5 ኪሎ ዋት አያልፍም። ቅዳሜ ጠዋት የብሎኩ ምጣድ ሁሉ በአንድ ላይ ይጣዳል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 190 ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። በዝቅተኛ ቮልት የሚነሳ ሞተር ከረንት ይጨምራል፣ ይሞቃል። አንዳንዴም መብራቱ መጥቶ ከደቂቃ በኋላ እንደገና ይሄዳል።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ሆነ። መብራት ከመጣ በኋላ ቮልቴጁ ከ200 እስከ 240 ባለው ውስጥ አምስት ደቂቃ ሳይወጣ ይቆይ። ከወጣ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምር። ሆም አሲስታንት ላይ ይህ አንድ ምርጫ ነው፤ ትእዛዙ እየሠራ ሳለ ትሪገሩ እንደገና ቢመጣ «ተወው»፣ «ከመጀመሪያ ጀምር»፣ «ተሰለፍ» ወይም «ጎን ለጎን ሂድ» ማለት ይቻላል። ለመብራት «ከመጀመሪያ ጀምር»፤ ለ«ውሃ መጣ» መልእክት «ተወው»። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ወይ ፓምፑ ይጎዳል ወይ ስልኩ አያርፍም።

ኅዳር መጨረሻ፣ መልእክት

መልእክቱን ወደ ብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ አስገባሁት። ለሙከራ ሁሉንም ክስተት እንዲልክ አድርጌ ነበር። ግፊት ተነሳ፣ ግፊት ወረደ፣ ፓምፕ ተነሳ፣ ቮልት ዝቅ አለ። ምሽቱን ግሩፑ በማሽን ወሬ ተጥለቀለቀ። «ኧረ ወንድሜ፣ ስለ ፓምፑ ጤንነት እየጸለይን እንድንተኛ ነው?» የሚል መልስ መጣ። ብዙዎቹ ድምፁን አጠፉት።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1979 አሜሪካ ስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ሲደርስ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ ማስጠንቀቂያዎች ጮኹ። ኦፕሬተሮቹ ዋናውን ከተራው መለየት አቃታቸው። አንድ ሮቶ ከዚያ ጋር ባይወዳደርም፣ ሰው የሚሰማው የሚያደርገው ነገር ካለው ብቻ ነው።

ግሩፑ አሁን ሦስት መልእክት ብቻ ያውቃል። «ውሃ መጥቷል»፣ «ጣሪያው ሞልቷል»፣ «ዛሬ አልመጣም፣ ቆጥቡ»። ሌሊት ከሆነ ያለ ድምፅ ይላካል፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። የተቀረው ሁሉ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል፣ የፈለገ ያየዋል።

ሰዓቱም ወደ እኛ አቆጣጠር ተቀይሮ ይወጣል። ኮምፒውተሩ 01:42 የሚለውን ግሩፑ «ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7:42» ብሎ ያነበዋል። ማክሰኞ ማታ ነው ረቡዕ ጠዋት የሚለው ክርክር እንዳይነሳ ነው።

ጥበቃው ግን ባለ ቁልፍ ስልክ ነው ያላቸው። ቴሌግራም የለም። በኤስኤምኤስ ላድርገው ስላቸው «መልእክት አታብዛብኝ። አምፖል ስቀልልኝ» አሉ። ሰቀልኩ። አረንጓዴ ፓምፑ እየሠራ ነው፣ ቀይ «ና እየኝ» ነው። ከሥሩ አንድ ቁልፍ አለ። ቀይ ሲበራ ሄደው አይተው ቁልፉን ይጫኑታል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተጫነ ለሰብሳቢዋ ስልክ መልእክት ይሄዳል፣ ይህኛው በድምፅ። እሳቸውም ዝም ካሉ ለእኔ። የደብተሩ አራተኛ ዓምድ እዚህ ገባ።

ታኅሣሥ፣ አንድ ሌሊት

ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ ሌሊት ገጠመ። መዝገቡን ጠዋት አወጣሁት፤

ከሌሊቱ 7:38፦ ግፊት ይዘላል፣ ይወርዳል። አየር ነው።
7:43፦ ግፊት 0.6፣ ሦስት ደቂቃ ጸንቷል። መልእክት ወጣ፣ ቀይ አምፖል በራ።
7:44፦ ጣሪያው ጎድሏል፣ ታች ውሃ አለ፣ ቮልት 214። ፓምፕ ተነሳ።
7:47፦ ቁልፍ ተጫነ።
8:20፦ መብራት ጠፋ።
9:05፦ መብራት መጣ። ቮልት 196። መጠበቅ።
9:08፦ ቮልት 211። ቆጠራ ጀመረ።
9:13፦ ፓምፕ ተነሳ።
10:50፦ ጣሪያው ሞላ። ፓምፕ ቆመ።

እኔ ተኝቼ ነበር። ጥበቃው እንደነገሩኝ፣ መብራት ከመጣ በኋላ ፓምፑ ዝም ሲል ተበላሸ ብለው ማዞሪያውን ወደ ማንዋል ሊያዞሩ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። «ከዚያ አምስት ደቂቃ ያልከኝ ትዝ አለኝ። ቆሜ ጠበቅኩ። እውነትም ራሱ ተነሳ» አሉ። በዚያው ቀን ሦስተኛ አምፖል ጨመርኩ፣ ቢጫ። «እየጠበቅኩ ነው» ማለት ነው። ዝም ያለ ማሽን አጠገብ ለቆመ ሰው አምስት ደቂቃ ረጅም ነው።

አራተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ጠዋት ደረጃ ላይ አገኙኝ። «የዛሬው ውሃ ያንተ ነው አሉ?»

«የፓምፑ ነው እማማ።»

«እንግዲያው ለፓምፑም ቡና ጋብዝልኝ» ብለው ወረዱ፤ ጀሪካን አልያዙም።

ጥር፣ ያልመጣው ውሃ

መጀመሪያ ያሰብኳቸው ትሪገሮች በሙሉ «አንድ ነገር ሲሆን» ነበሩ። የሚከብደው ግን አንድ ነገር *ሳይሆን* ሲቀር ነው። የፈረቃው ቀን መጣ፣ ሌሊቱ አለፈ፣ ግፊት አልተነሳም። ምንም ክስተት ስለሌለ ምንም ትሪገር አይነሳም። ሰው የሚያውቀው ቧንቧው ሲደርቅ ነው።

አሁን በየፈረቃው ቀን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አንድ ጥያቄ አለ። ካለፈው ማታ ጀምሮ «ውሃ መጥቷል» ተመዝግቧል? ካልተመዘገበ «ዛሬ አልመጣም» የሚለው መልእክት ይወጣል። ፓምፑም ወደ ቁጠባ ይገባል፤ ጠዋት ከ12 እስከ 2፣ ማታም እንዲሁ ብቻ ይገፋል። ይህ ኮሚቴው ውስጥ ሁለት ስብሰባ የፈጀ ነጥብ ነው። ምድር ቤት ያሉት «እኛ ከሮቶው ቀጥታ እንቀዳለን፣ ለምን ወደ ላይ ይገፋል?» ሲሉ፣ ላይ ያሉት «ታዲያ እኛ ሕንፃው ውስጥ አይደለንም?» ይላሉ። ኮድ ይህን አይፈታም። ተስማምተው ሰዓቱን ሲነግሩኝ እጽፈዋለሁ።

ሌላው ዝምታ የመሣሪያው ራሱ ነው። ኢኤስፒው ቢሞት ማን ይናገራል? ለዚህ ኤምኪውቲቲ የሚባለውን የመልእክት ዘዴ ተጠቀምኩ። እንደ ፈረንጆቹ በ1999 በበረሃ የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል የተሠራ ነው፤ ግንኙነት መቆራረጥን ያውቃል። መሣሪያው ሲገናኝ ኑዛዜ ያስቀምጣል፤ «ድምፄ ከጠፋ ይህን ንገሩልኝ» ብሎ። ግንኙነቱ በድንገት ሲቋረጥ አስተላላፊው ኑዛዜውን ያነበዋል፤ ቀዩ አምፖልም ይበራል። አምፖሎቹን የያዘው ሌላ ትንሽ ቦርድ ነው፤ ከሞተው ጋር አብሮ አይሞትም።

የካቲት

ጎረቤት ያለው ብሎክ መጥቶ አየ። ተመሳሳይ ሮቶ፣ ተመሳሳይ ፓምፕ። ኮሚቴያቸው ዕቃውን ገዝቶ መጣ፣ ኮዱን ቀዳሁላቸው፣ በአንድ ቅዳሜ ተሰቀለ። የእነሱ ጣሪያ ላይ ፍሎቱ ገመዱ አጥሮ ነበር፤ ተቀጠለ። ሌላ የሚነገር ነገር የለውም።

ግን ሁለታችንም ከአንድ ትራንስፎርመር ነን። መብራት ሲመጣ ሁለቱም ሳጥኖች አምስት ደቂቃ ይቆጥራሉ። አምስት ደቂቃው ለሁለቱም በአንድ ሴኮንድ ያልቃል። ሁለት ሞተር አብሮ ሲነሳ ቮልቴጁ ከ200 በታች ይወርዳል፤ ሁለቱም «ዝቅ ብሏል» ብለው ያቆማሉ፤ ቮልቴጁ ይመለሳል፤ ሁለቱም እንደ አዲስ ይቆጥራሉ። ማሽኖቹ ደንባቸውን አክብረው ነው ሌሊቱን ሙሉ እየተነሱ የወደቁት።

ቁጥሩን መለየት በቂ ነው። አንዱ አምስት ደቂቃ ይጠብቅ፣ ሌላው አሥራ ሁለት። ኮዱ ላይ የአንድ መስመር ሥራ ነው፣ ተዘጋጅቷል። አምስቱን ማን ይውሰድ፣ አሥራ ሁለቱን ማን ይውሰድ የሚለው ግን የሁለቱ ኮሚቴዎች ጉዳይ ሆኗል። የእኛ ሰብሳቢ «ሐሳቡን ያመጣነው እኛ ነን» ይላሉ። የእነሱ ሰብሳቢ «እኛ ስድሳ ሰው ነን» ይላሉ። በየሳምንቱ ይቀያየር የሚል ሐሳብ ጥበቃው አቅርበዋል፤ እሱም ይቻላል። ለእሁድ ተቀጥሯል። እስከዚያ የእነሱ ሳጥን ማንዋል ላይ ነው።